ቧንቧው በየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የአኒሜሽን ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ካራክተር መሳል አይከብደኝም፣ አስተማሪዎቼም በእሱ ያመሰግኑኛል። የሚያስቸግረኝ ባክግራውንድ (ካራክተሯ የምትቆምበት የኋላ ሥዕል) እና ስቶሪቦርድ (ፊልሙን በሳጥን በሳጥን ቀድሞ መንደፍ) ነው። የመመረቂያ ፊልሜ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ለማስረከብ አራት ወር ቀርቶኛል። ታሪኩ ባጭሩ፦ ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አያቷ አንድ ቀን እንኳ እንቅልፏን ትጥገብ ብላ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀስ ብላ ተነሥታ ጀሪካን ልትሞላ ትወጣለች። ግቢ ስትደርስ ግን አያቷ ቀድማት ሁሉንም ሞልታለች፤ አንዱ ጀሪካን ላይ ተቀምጣም እንቅልፍ ወስዷታል።

ስቶሪቦርዱን ጀምሬ 20ኛው ፍሬም ላይ ቆሜያለሁ። አንዱን ፍሬም ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ይወስድብኛል። አስተማሪዬ አይቶ «ሥዕሉ ያምራል፣ ታሪኩ ግን አይነበብም» አለኝ። ባክግራውንድ ስሠራ ደግሞ ካራክተሬ ውስጡ ትጠፋለች፤ ካልጠፋችም ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። የክፍል ጓደኞቼ «ሁለቱንም አትችይም፣ አንዱን ምረጪ» ይሉኛል። ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ በብዕር የሚሳልበት ታብሌት የለኝም። እናቴ እቁብ ሲደርሳት ልትገዛልኝ ቃል ገብታለች። ታብሌት ቢኖረኝ ችግሬ ይፈታ ይሆን? እስካሁን የሳልኳቸውን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።

ባለ ጀሪካኗ፣ ከኮተቤ

መልስ፦

እህቴ ባለ ጀሪካኗ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። እጅሽ አይታማም። ታሪኩንም ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቃል ሳይነገርበት የሚገባ ታሪክ ነው። ሰይፍ የሚመዝ፣ ከመዳፉ እሳት የሚተፋ ጀግና ይዘው ከሚመጡት መሀል አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ስትመጣ ደስ ይላል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቧንቧው በየት በኩል ነው?

4ኛው ፍሬም ላይ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ቧንቧው በስተቀኝ፣ አጥሩ ሥር ነው። 7ኛው ላይ በስተግራ፣ ከኩሽናው ጎን ሆኗል። 11ኛው ላይ ጭራሹን የለም፤ እሱ በነበረበት ቦታ የልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። አንቺ ግቢውን በልብሽ ስለምታውቂው አልታወቀሽም። ተመልካቹ ግን የሚያውቀው ያሳየሽውን ብቻ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሄዳ ቀጥሎ ወደ ግራ ስትሄድ ሲያያት «ምን ረስታ ተመለሰች?» ይላል እንጂ ቧንቧው ቦታ ቀየረ አይልም። አስተማሪሽ «አይነበብም» ያለሽ ይህንን ይመስለኛል። ባክግራውንዱም የሚያስቸግርሽ በዚሁ ምክንያት ነው፤ የት እንደቆመች ያልወሰንሽላትን ልጅ መሬት ላይ ማቆም አይቻልም። ሁለት ችግር አለብኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እኔ የማየው አንድ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከግቢው እንጀምር።

ሌላ ፍሬም ከመሳልሽ በፊት ግቢውን ከላይ እንደሚታይ አድርገሽ በአንድ ወረቀት ላይ ሳዪው። የቤቱ በር፣ ቧንቧው፣ ኩሽናው፣ ገመዱ፣ አምፖሉ የተሰቀለበት፣ ጀሪካኖቹ የተደረደሩበት፣ የውጭው በር። በእርምጃ ለኪው። ከበሩ እስከ ቧንቧው ስንት እርምጃ እንደሆነ ካላወቅሽ ልጅቷ በስንት ሰከንድ እንደምትደርስም አታውቂም። ከዚያ ከቤቱ በር እስከ ቧንቧው አንድ መስመር አስምሪ፤ ካሜራሽን ከመስመሩ በአንዱ ወገን ብቻ አስቀምጪ። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚሉት ይኸው ነው። ካሜራው በዚያ ወገን እስካለ ድረስ ልጅቷ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ናት፣ ስትመለስ ከቀኝ ወደ ግራ። ዋይድ ሾት (ከሩቅ) ይሁን ክሎዝ አፕ (ከቅርብ)፣ እግሯ ብቻ እንኳ ቢታይ፣ አቅጣጫው አይለወጥም። መስመሩን መሻገር የምፈቅድልሽ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ አያቷን ስታያት። እዚያ ላይ ተመልካቹም እንደ ልጅቷ ክው ቢል አይከፋም።

አሁን ወደ 3ኛው ፍሬም ልመለስ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የተቀደደው እዚህ ነው። አያትየዋ ፊቷ ቁልጭ ብሎ እየታየ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች አጠገቧ ታልፋለች። ታዲያ አያት መቼ ተነሥታ፣ በየት በኩል አልፋ፣ መቼ ያን ሁሉ ጀሪካን ሞላች? ተመልካቹ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው መጨረሻው ላይ ነው። ሆዱ ሊባባ በሚገባው ሰዓት ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይሠራል ማለት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፊቷን አታሳዪ። በጨለማው ውስጥ አልጋው ላይ ጉብ ያለ ጋቢ ብቻ ይታይ፤ ልጅቷም ተመልካቹም «ተኝታለች» ብለው ይመኑ። ከዚያ ጫማ ጨምሪ። በመክፈቻው፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ በሩ ሥር ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ይታይ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሌሊት ልጅቷ ስትነሣ የሷ ብቻ ነው ያለው። እሷ በእንቅልፍ ልቧ ልብ አትለውም፤ ተመልካቹም በመጀመሪያው ጊዜ ላያየው ይችላል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ጫማው ትዝ የሚለው ሰው ይኖራል፤ ፊልምሽን ለጓደኛው የሚያሳየውም እሱ ነው። እስቲ ይህ ጫማ የስቶሪቦርድ ሥራ ነው ወይስ የባክግራውንድ? ጓደኞችሽ «አንዱን ምረጪ» ሲሉሽ ይህን ጠይቂያቸው።

ድምፁንም አስቢበት። ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ እንደሚሄድ ሰፈርሽ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ውስጡ ያለው አየር እያጠረ ሲሄድ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ባዶ ጀሪካን ወፍራም ድምፅ አለው፣ ሊሞላ ሲል ያፏጫል፣ ሲሞላና ሲፈስ ደግሞ መሬቱን መምታት ይጀምራል። ልጅቷን ከእንቅልፍ የቀሰቀሳት የቱ ነው? አንቺ ስልክ ላይ የተሞላ ማንቂያ ሳልሽላት። እኔ ብሆን የሚፈስ ውሃ ድምፅ አደርገው ነበር። አያት የመጨረሻውን ጀሪካን ቧንቧው ሥር አስቀምጣ፣ እስኪሞላ ብላ ከሞላው ላይ ቁጭ አለች፤ እንቅልፍ ጣላት፤ ውሃው ሞልቶ ይፈስሳል። ልጅቷ የሰማችው ያንን ነው። ውሃ መጣ ብላ ተነሣች፤ ውሃው ግን ቀድሞ መጥቷል። ውሳኔው የአንቺ ነው፣ ፊልሙ ያንቺ ነው። ይህን ካደረግሽው ግን የመጨረሻው እንቅስቃሴ ቧንቧውን የሚዘጋ ትንሽ እጅ ይሆናል፣ ድምፁም ቀጥ ይላል። ያኔ መጨረሻው ላይ ሙዚቃ ማስገባትም አያስፈልግሽም።

እንዲህ ያለውን ለውጥ ለመሞከር ግን ፍሬሙን መጣል መቻል አለብሽ፤ ቀኑን ሙሉ የፈጀብሽን ሥዕል መጣል ደግሞ ያሳዝናል። ችግርሽ ይህ ነው። ስቶሪቦርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሲለመድ፣ የታሪክ ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ንድፍ በተለየ ወረቀት ሠርተው ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይሰኩት ነበር። የተሰካ ነገር ይነቀላል። 6ኛው ከ9ኛው ጋር ይቀያየራል፣ 12ኛው ይወረወራል፣ በመሀል አዲስ ይገባል። አንቺ ግን በደብተር ላይ፣ በገጽ ስድስት ስድስት ሳጥን እያሰመርሽ፣ የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ሸንተረር በብዕር እያወጣሽ ነው የሠራሽው። ደብተር አይነቀልም።

ስለዚህ ደብተሩን አስቀምጪው። ወረቀት በክብሪት ሳጥን ልክ ቁረጪ። እርሳስ ያዢ። ለልጅቷ ክብ ጭንቅላትና አንድ መስመር ይበቃታል፤ ለአያቷ ጎበጥ ያለ መስመር ከነነጠላዋ። አንዱን ከሁለት ደቂቃ በላይ አትቆዪበት። ካራክተሯ ስትንቀሳቀስ ቀስቱን ሳጥኑ ውስጥ፣ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ቀስቱን ከሳጥኑ ውጭ አድርጊ፣ እንዳይምታታብሽ። ከሥሩ የሾቱን፣ ማለትም ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየውን የአንዱን ቁራጭ፣ ቁጥርና የሚፈጀውን ሰከንድ ጻፊ። ግድግዳ ላይ ለጥፊውና ሙያውን የማያውቅ ሰው ጥሪ፤ ታናሽ ወንድም ካለሽ እሱን፣ ከሌለሽ የጎረቤት ልጅ። ምንም አትንገሪው። «ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂውና አፉን ተከትለሽ ጻፊ። «ከዚያ... እንጃ» ያለበት ቦታ ላይ ያለውን ወረቀት ንቀዪ። ማስረዳት አይፈቀድልሽም፤ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከተመልካቹ አጠገብ ተቀምጠሽ አታስረጂም።

ይህ ጥበብ ከሆሊዉድ ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ። ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ጋ ጎራ በይና የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ የተሳለበትን ሸራ ወይም ብራና አሳዩኝ በይ። ታሪኩ በሳጥን በሳጥን ተከፍሏል፤ 44 ሳጥን ያለው በጣም የተለመደ ነው። ከዘንዶው ይጀምርና እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይዘልቃል። እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ ስቶሪቦርድ እዪው። ግብሩ፣ በቅመም የተሞላው ምግብ፣ በአንዱ ሳጥን አለ፤ ንግሥቲቱ ሌሊት ውሃ ስትጠጣ መያዟ በሌላው። በመካከል ያለውን ጥም አንቺ ነሽ የምትሞይው። ሠዓሊው መሃሉን ለተመልካቹ ተወለት። እንዲያውም የእነሱም ታሪክ እንዳንቺው ሌሊትና ውሃ ላይ ነው የሚዞረው። አንቺ ልጅቷ ከአልጋ ወርዳ በሩ ጋ እስክትደርስ ስድስት ፍሬም ፈጅተሻል፤ ዓይኗ ሲከፈትና እጇ የበሩን መወርወሪያ ስትስብ ብቻ ቢታይ ማንም ሰው በየት አለፈች አይልም።

እዚህ ላይ አንድ ደረቅ ሒሳብ ልሥራልሽ። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት በአማካይ አራት ሰከንድ ቢቆይ 45 ሾት ይሆናል። በሰከንድ 24 ፍሬም (እዚህ ላይ የፊልሙን ነጠላ ምስል ማለቴ ነው እንጂ የስቶሪቦርዱን ሳጥን አይደለም) ሲታሰብ 4,320 ፍሬም፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዪው 2,160 ሥዕል። አራት ወር 120 ቀን ነው። በቀን 18 ሥዕል፤ እሑድ የለም፣ ጉንፋን የለም፣ መብራት አይጠፋም፣ ባክግራውንድም አይሳልም። እንደማይሆን ታውቂዋለሽ። ሥራው የሚቀንሰው አኒሜት ስታደርጊ አይደለም፣ ስቶሪቦርዱ ላይ ነው። ጋቢው ያለበት ሾት አንድ ሥዕል ነው። ጫማዎቹ አንድ ሥዕል ናቸው። ተደርድረው የሚጠብቁት ጀሪካኖች አንድ ሥዕል ናቸው፤ ውሃው ብቻ ይንቀሳቀስ። ልጅቷ ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጥ ከዓይኗ በቀር ምንም አይነቃነቅም። ባክግራውንዱንም ቁጠሪው፤ 45 ሾት ማለት 45 ባክግራውንድ አይደለም። ያን ከላይ የሳልሽውን ግቢ አይተሽ ካሜራሽን ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ ከወሰንሽው፣ አሥር ያህል ሥዕል ፊልሙን ይሸፍንልሻል።

ወደ ባክግራውንዱ እንምጣ። «የተለጠፈች ትመስላለች» ያልሽው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአድማስ መስመር ነው። የአድማስ መስመር የካሜራው ዓይን ከፍታ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ካሜራውን ልጅቷ ዓይን ልክ፣ ማለትም ከመሬት 1.2 ሜትር ያህል ላይ ካስቀመጥሽው፣ መሬቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ የአድማሱ መስመር ልጅቷ የትም ብትቆም፣ ቅርብም ሩቅም ብትሆን፣ ዓይኗ ላይ ያልፋል። አያቷ ስትቆም ደግሞ ደረቷ ላይ። ቧንቧው ከመስመሩ በታች ይቀራል፣ የአጥሩ ጫፍ ከላይ ይሆናል። ይህን ይዘሽ 7ኛውን ፍሬም እዪው፤ ልጅቷ ወደ ኋላ ስትሄድ ትንሽ አደረግሻት፣ ጥሩ፤ ግን ጭንቅላቷ ከመስመሩ በታች ወርዷል። ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ፊልሙን በሙሉ በልጅቷ ዓይን ከፍታ ብትሠሪው እመርጣለሁ። ከኋላ ያለው አጥር ይረዝማል፣ ጀሪካኖቹ ግዙፍ ይሆናሉ፣ 20 ሊትሩ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ሳይነገር ይታያል።

የቀረው ጥላ ነው። ያለሽ መብራት በሩ ላይ ያለው አንድ አምፖል ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከበሩ በራቀች ቁጥር ጥላዋ ከፊቷ እየረዘመ ይሄዳል፣ ፊቷም እየጨለመ። አንቺ ግን ከፊት ለፊት በእኩል ብርሃን ቀባሻት፤ ግቢው ሌሊት ነው፣ እሷ ግን ቀትር ላይ ናት። እግሯ መሬት የሚነካበት ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ሳታስቀምጪ አትለፊ።

ስለ መጥፋቷ ደግሞ፤ 13ኛው ፍሬም ላይ ከቆርቆሮው አጥር እያንዳንዱ ሸንተረር፣ እያንዳንዱ ምስማር፣ መሬት ላይ እያንዳንዱ ጠጠር አለ። ትዕግሥትሽን አደንቃለሁ። ተመልካቹ ግን ዓይኑ አዋጅ ይሆንበታል፤ ያለው አራት ሰከንድ ነው፣ ልጅቷን ሳያገኛት ሾቱ ያልቃል። የዲዝኒ ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን ባምቢን ሲያዘጋጁ ይኸው ገጥሟቸዋል፤ ጫካውን ቅጠል በቅጠል ሲያወጡት አጋዘኖቹ ውስጡ ጠፉ። መላውን ያመጣው በስቱዲዮው ውስጥ በእንቅስቃሴ መሀል ያሉትን ሥዕሎች ከሚሞሉት ዝቅተኛ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ቻይና የተወለደው ታይረስ ዎንግ ነው። ከጥንት የቻይና መልክዓ ምድር ሥዕል በተማረው መንገድ ጫካውን ጭጋግ አደረገው፤ አጋዘኑ በቆመበት ዙሪያ ብቻ ጥቂት ሣርና ጥቂት ግንድ ያወጣል፣ ሌላውን ቀለም ብቻ ይተወዋል። የፊልሙ መልክ በእሱ ሥዕሎች ተወሰነ።

አንቺም ሸንተረሩን የአምፖሉ ብርሃን ባረፈበት ብቻ አውጪው። ሌላውን ጨለማ ይዋጠው። በሦስት ደረጃ ብቻ አስቢ፦ ጥቁር፣ መካከለኛ፣ ብሩህ። ሥዕሉን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ በስልክሽ ላይ ጥፍር እስኪያህል አሳንሺው፤ ልጅቷ ካልታየችሽ ባክግራውንዱ አላለቀም፣ ወይም ከመጠን በላይ አልቋል። ከቀለም ደግሞ ቢጫውን ለጀሪካኖቹ ብቻ አስቀምጪላቸው።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ከየት እንደመጣብሽ አልገባኝም። 9ኛው ፍሬም ላይ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ አየሁ፤ ከነጡቡ። ኮተቤ ጣሪያ ላይ ምን እንዳለ ወጣ ብለሽ እዪ፤ ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳያነሣው የተጫነ ድንጋይ አለ፣ አሮጌ ጎማ አለ። ከአጥሩ ባሻገር የጎረቤት ሮቶ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሮቶውን ሳዪው! ሮቶ ያለው ሰው ሌሊት አይነሣም፤ ተመልካቹ ይህን ያውቃል፣ አንቺ አንድ ቃል አታወጪም። 18ኛው ላይ ያለችው ጨረቃም አልተዋጠችልኝም። ቀጭን ጨረቃ ከፀሐይ ብዙ አትርቅም፤ ወይ አመሻሽ ላይ ተከትላት ትጠልቃለች፣ ወይ ሊነጋጋ ሲል ቀድማት ትወጣለች፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አናት ላይ አትሰቀልም። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጭኗ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ተንጋላ ነው የምትታየን። ቀጥ ብላ የቆመችው ያንቺዋ የፈረንጅ የሕፃናት መጽሐፍ ላይ ያለችው ናት። ሙሉ ጨረቃ ልታደርጊያት ትችያለሽ፤ እኔ ብሆን ጨርሶ አልስላትም፣ አንድ አምፖል ይበቃል።

ማጣቀሻ ፎቶ ከኢንተርኔት አትፈልጊ። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተነሺና ስልክሽን በ1.2 ሜትር ከፍታ ይዘሽ የራስሽን ግቢ አንሺ፤ ድምፁንም ቅጂ። መንገድ ላይ ስትስዪ ጥበቃ መጥቶ «ምን እየሠራሽ ነው?» ሊልሽ ይችላል፤ የተማሪ መታወቂያሽን ያዢ፣ ሥዕሉንም አሳዪው። አብዛኞቹ «እኔንም ሳዪኝ» ይላሉ።

በመጠን በኩል ብዙ አልልም። ፍሬምሽ 1920 በ1080 ፒክስል ከሆነ፣ ካሜራው ከበሩ እስከ ቧንቧው ተጉዞ ለሚያሳየው ሾት ባክግራውንዱን 3840 በ1080 አድርጊው፤ ካሜራው እጥፍ ለሚቀርብበት 3840 በ2160፣ አለበለዚያ ይደበዝዛል። ገመዱንና ልብሱን ከፊት፣ አጥሩን ከኋላ በየሌየሩ (አንዱ በሌላው ላይ በሚደረብ የሥዕል ንጣፍ) ለያይተሽ ሳዪ፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ቅርቡ ቶሎ፣ ሩቁ በዝግታ ይሂድ። ዲዝኒ ለዚህች ነገር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1937 ሥዕል በየመስታወቱ እርከን ላይ የሚደረደርበት ግዙፍ ካሜራ ሥራ ላይ አውሏል፤ አንቺ በነፃ ሶፍትዌር ታደርጊዋለሽ። ላፕቶፕሽ 4 ጂቢ ስለሆነ ግን ሌየር አታብዢበት፤ ያለቀውን እያዋሃድሽ ሂጂ።

«አንዱን ምረጪ» ለሚሉሽ፤ ትልልቅ የውጭ ስቱዲዮዎች ውስጥ ስቶሪቦርድ፣ ሌይአውት (የእያንዳንዱን ሾት አቀማመጥ መወሰን) እና ባክግራውንድ የተለያየ ሰው ሥራ መሆኑ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን አኒሜሽን የሚሠሩት ቤቶች ትንንሽ ናቸው፣ ማስታወቂያ የሚሠሩትም ስቶሪቦርድ ይፈልጋሉ፤ እዚህ ሁለቱንም የምትችል ልጅ ናት እንጀራዋን ቶሎ የምታገኘው። ምርጫውን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

ታብሌቱ ይጠቅምሻል፣ ችግርሽን ግን አይፈታውም፤ እስካሁን ከዘረዘርኩልሽ ውስጥ አንዱም ታብሌት አይፈልግም። እቁቡ እስኪደርስ አትጠብቂ። ወረቀቶቹን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሺና ሰከንዳቸውን ሰጥተሽ፣ ከቀዳሽው ድምፅ ጋር በማንኛውም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ደርድሪያቸው። አኒማቲክ ይህ ነው። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃው ሁለት ደቂቃ ተኩል ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ እሰየው፣ አትለጥጪው። ሶፍትዌር በኩል ለሥዕል ክሪታ፣ ለአኒሜሽን ብሌንደር በነፃ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው ፍሎው ሙሉ በሙሉ በብሌንደር የተሠራ ነው። የዚያ ፊልም ዳይሬክተር ስቶሪቦርድ አልሳለም ብለሽ እንዳትከራከሪኝ፤ ቦታውን በኮምፒውተር ገንብቶ በካሜራ ውስጡ እየዞረ ነው ሾቶቹን የፈለገው። እሱም ቧንቧው በየት በኩል እንደሆነ ያውቅ ነበር።

እናትሽ ሲደርሳት ስክሪን ያለውን አታስገዢያት፤ ስክሪን የሌለው ያንቺን ላፕቶፕ አያስጨንቀውም፣ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል። ያገለገለ ከሆነ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክተሽ፣ ብዕሩን እየጫንሽና እያላላሽ አንድ ረጅም መስመር አስምሪበት። መስመሩ የማይወፍርና የማይቀጥን ከሆነ ገንዘቡን አትክፈዪ። ትርፍ የብዕር ጫፍ አብሮት መኖሩንም ጠይቂ፤ ቶሎ ያልቃል።